የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሊኑክስ ሁሉ ሊኑክስ ከሆነ ሻጩ ለምን ይመርጣል?

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል፤ ሦስቱም በየፊናቸው የሚያነሡት ጉዳይ ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ጥያቄ ከደብረ ማርቆስ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሰርቨራችን የሚሠራው በደቢያን 11 ነው፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በ2025 ሲቋረጥ ደግሞ የቢሮ ኮምፒዩተሮቻችንንም ወደ ሊኑክስ አዛወርን። በቅርቡ የእህል ግዢና የመጋዘን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ከአዲስ አበባ ገዝተን ሰርቨሩ ላይ ስንጭነው «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» የሚል መልእክት አሳይቶ ቆመ። ስልክ ደውለን ብንጠይቅ «እኛ የምንደግፈው ኡቡንቱ 22.04ን እና ሬድ ሃት 9ን ብቻ ነው» የሚል ምላሽ አገኘን። ደቢያንም ኡቡንቱም ሊኑክስ አይደሉምን? ለሁሉም የሚያገለግል የጋራ መስፈርት የለም? ካለስ በዚያ መሠረት ሻጩን ማስገደድ አንችልም?

መልስ፦ በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ለምን እንደቆመ እናስረዳ። ሊኑክስ የሚለው ስም በጥብቅ ሲነገር ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረውን ከርነል፣ ማለትም ከማሽኑ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ውስጠኛ ክፍል ብቻ ያመለክታል። ደቢያን፣ ሬድ ሃት፣ ሱሴና ኡቡንቱ የሚባሉት ሥርጭቶች በዚህ ከርነል ላይ ላይብረሪዎችን (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን የተዘጋጁ ክፍሎች)፣ ትዕዛዞችንና የመጫኛ መንገዶችን እየጨመሩ ሙሉ ሲስተም አድርገው ያቀርቡታል። ከርነሉን በተመለከተ ብዙ አለመግባባት የለም፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ከርነሉ ስለተለወጠ ብቻ ዛሬ መሥራት ማቆም የለበትም የሚለውን ደንብ ቶርቫልድስ ለዓመታት በብርቱ ሲያስከብረው ኖሯል። ልዩነቱ የሚመጣው ከከርነሉ በላይ ባሉት ላይብረሪዎች ሲሆን፣ ከእነርሱም ዋነኛው የእርስዎ ሰርቨር የጠቀሰው ጂሊብሲ ነው።

ደቢያን 11 የያዘው የጂሊብሲ ስሪት 2.31 ነው። ሬድ ሃት 9 2.34ን፣ ኡቡንቱ 22.04 2.35ን፣ ደቢያን 12 ደግሞ 2.36ን ይዘዋል። የጂሊብሲ አዘጋጆች የቆየውን መጠበቅ ያውቁበታል፤ በአሮጌ ስሪት ላይ ኮምፓይል የተደረገ፣ ማለትም ከተጻፈበት ኮድ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የተለወጠ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ያለ ችግር ይነሣል፣ በአዲሱ ላይ የተዘጋጀው ግን በአሮጌው ላይ እንደሚነሣ ማንም ቃል አልገባም። በ2.34 ላይ በተለይ ፕሮግራም ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ተግባር ራሱ አዲስ የስሪት ምልክት ስለተሰጠው፣ ከዚያ ወዲህ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ምንም አዲስ ነገር ባይጠቀም እንኳ 2.34ን ሳያገኝ አይነሣም። ሻጩ ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ከሚደግፋቸው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው ብንል ከመልእክቱ ጋር በትክክል ይገጥማል። ስለዚህ ስሕተቱ የደቢያንም የእርስዎም አይደለም፤ ሰርቨሩ ፕሮግራሙ ከተዘጋጀበት ሲስተም በዕድሜ የቀደመ መሆኑ ብቻ ነው።

ወደ ጋራ መስፈርቱ ስንመጣ፣ አዎን፣ ነበረ፤ ትልቅ ተስፋም ተጥሎበት ነበር። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ የተባለው ሥራ በ1998 ተጀምሮ የመጀመሪያው ስሪት በ2001 ወጣ። ዓላማው አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ መስፈርቱን በሚያሟላ በማንኛውም ሥርጭት ላይ ማስነሣት እንዲችል ማድረግ ነበር። ለዚህም የትኞቹ ላይብረሪዎች በየትኛው ስሪት መገኘት እንዳለባቸው፣ የትኞቹ ትዕዛዞች የግድ እንደሆኑ፣ ፋይሎች በየትኛው ፎልደር እንደሚቀመጡና ፓኬጁ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ተጠቅልሎ የሚጫንበት ፋይል፣ በምን ቅርጽ እንደሚዘጋጅ በዝርዝር ደነገገ። በ2006 ዋናው ክፍሉ አይኤስኦ 23360 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ፤ በ2007 መስፈርቱን ያወጣው ድርጅት ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ተመሠረተ፤ በ2015 አምስተኛው ስሪት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተከተለም።

የተዳከመበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። መስፈርቱ ለፓኬጅ የመረጠው የሬድ ሃትን አርፒኤም ነበር፤ ደቢያንና ከእርሱ የተወለዱት ሥርጭቶች ግን ዴብ በሚባል ሌላ ቅርጽ ይሠራሉ፣ ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ አርፒኤሙን በመለወጫ ፕሮግራም መቀየር ግድ ነበር። መስፈርቱ አንድን ላይብረሪ መዝግቦ እስኪጨርስ ድረስም ላይብረሪው ራሱ ሌላ ስሪት ላይ ይደርስ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ግን ነገሩን የወሰነው የሻጮቹ ፍላጎት ማነስ ነው። በ2015 በደቢያን ውስጥ የመስፈርቱን ፓኬጆች ይንከባከብ የነበረው ባለሙያ መስፈርቱን ማሟላታቸው የምስክር ወረቀት ያገኙትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ቢመለከት ያገኘው 8 ብቻ ነበር፤ እነርሱም የ6 ድርጅቶች ናቸው። ማንም የማይጠቀምበትን መንገድ መጠገን ትርፉ ድካም ነው ብሎ ደቢያን አብዛኛውን ክፍል በዚያው ዓመት አስወገደ፤ ፍርዱን ከባድ ነው ልለው አልችልም።

ሥርጭቶቹ በስምምነት ወደ አንድ ለመምጣት ያደረጉት ሙከራም አለ። በ2002 ሱሴ፣ ተርቦሊኑክስ፣ ኮኔክቲቫና ካልዴራ «ዩናይትድ ሊኑክስ» በሚል ስም አንድ የጋራ መሠረት ለመሥራት ተባበሩ። ከአራቱ አንዱ፣ ካልዴራ፣ ስሙን ወደ ኤስሲኦ ለውጦ በ2003 አይቢኤምን በሊኑክስ ጉዳይ ፍርድ ቤት አቆመ፤ ኅብረቱም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

መስፈርት የሚጸናው መቼ እንደሆነ የአማርኛ ተጠቃሚ ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። የግእዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት አንድ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የግእዝ ሶፍትዌር ፊደላቱን በራሱ ቁጥር ይደረድር ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ ይህን ያስወገደው በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ አልነበረም፤ በወጣ በማግስቱም አልተሳካለትም። የኮምፒዩተርና የስልክ አምራቾች ራሳቸው ስለሚያስፈልጋቸው በምርታቸው ውስጥ ስላስገቡት ነው። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ ያጣው ይህን የመሰለ አስገዳጅ ጥቅም ነው።

ታዲያ ሻጮች በምን ይመራሉ ቢባል፣ በሚፈትኑት ነው። ድጋፍ ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም፤ «ሲበላሽ እኛ ቢሮ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ማሽን ላይ ደግመን አይተን እናስተካክላለን» ማለት ነው። አንድ ሻጭ በዝርዝሩ ላይ አንድ ሥርጭት በጨመረ ቁጥር ለእያንዳንዱ ስሪትና ለእያንዳንዱ የደኅንነት ማሻሻያ ፈተናውን መድገም አለበት፤ ይህም ደመወዝ ነው። በዓለም ትልልቅ የሆኑት ድርጅቶችም ከዚህ የተለየ አያደርጉም፦ ኤስኤፒ ሃና የተባለው ዳታቤዝ በሊኑክስ የሚደገፈው በሱሴና በሬድ ሃት ላይ ብቻ ነው፤ የኦራክል ዳታቤዝም በዋናነት የሚረጋገጠው በሬድ ሃት፣ በሱሴና በኦራክል በራሱ ሥርጭት ላይ ነው። በሥራ ላይ የዋለው መስፈርት እንግዲህ በኮሚቴ የተጻፈው ሰነድ ሳይሆን፣ ስሪቱን 10 ዓመት ሳይለውጥ የሚያቆየው የሬድ ሃት ሥርጭት ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ይህም የራሱ አደጋ አለው። ብዙ ድርጅቶች ለሬድ ሃት ሳይከፍሉ ሴንትኦኤስ የተባለውን በነፃ የሚገኝ አምሳያውን ይጠቀሙ ነበር። በዲሴምበር 2020 ሬድ ሃት ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ እንደሚቋረጥ ሲያስታውቅ እነዚህ ሁሉ አማራጭ ፍለጋ ተሯሯጡ፤ ሴንትኦኤስ 7ም በጁን 2024 አበቃ። ቦታውን ለመሙላት በ2021 አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ወጡ። በአንድ ድርጅት ምርት ላይ የቆመ መስፈርት በድርጅቱ ውሳኔ እንደሚናወጥ ከዚህ ይታያል፤ የተጻፈው መስፈርት ቢያንስ ይህ ጉድለት አልነበረበትም።

ማስገደድን በሚመለከት፣ እነዚህ መስፈርቶች ሁሉ በፈቃደኝነት የሚጠበቁ ስለሆኑ ሻጩን የሚያስገድደው ከእርስዎ ጋር የተፈራረመው ውል ብቻ ነው። ውሉ «በሊኑክስ ላይ ይሠራል» ብቻ የሚል ከሆነ ለመከራከር በር አለዎት፤ «ኡቡንቱ 22.04» ብሎ ከጠቀሰ ግን እውነቱ የሻጩ ነው።

አሁን ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ አዲስ ጂሊብሲ ከኢንተርኔት አውርደው በነባሩ ላይ እንዳይጭኑ አደራ እላለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ በእርሱ ስለሚደገፍ ማሽኑ ከነጭራሹ ላይነሣ ይችላል። ደቢያን 11ን ወደ ደቢያን 12 ማሻሻል ግን በማንኛውም መንገድ የሚገባ ሥራ ነው፤ የ11ኛው የተራዘመ ድጋፍ ከኦገስት 2026 አያልፍምና። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ይነሣ ይሆናል፤ ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ላይብረሪም በደቢያን 12 ልክ እንደ ሁለቱ ሥርጭቶች ወደ ሦስተኛው ስሪት ስለሚሸጋገር ዕድሉ ሰፊ ነው። ቢሆንም ፕሮግራሙ መነሣቱ ከሻጩ ድጋፍ አያስገኝልዎትም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ደቢያን 12ን እንደ መሠረት ትቼ፣ በውስጡ ኬቪኤም በሚባለው ዘዴ አንድ ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨሩ ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒዩተር የሚሠራ) ከፍቼ፣ ኡቡንቱ 22.04ን በዚያ ላይ ጭኜ የመጋዘኑን ፕሮግራም ለብቻው አስቀምጠው ነበር። ሻጩ በርቀት ሲገባ የሚያገኘው ራሱ የፈተነውን ሲስተም ነው፤ ቨርቹዋል ማሽኑን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥም ስለሚቻል፣ መብራት በድንገት ጠፍቶ ፋይል ቢበላሽ የሻጩ ባለሙያ ዓባይን ተሻግሮ እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርብዎትም። ለዚህ ግን ሰርቨሩ በቂ ራም ሊኖረው ይገባል።

አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የኡቡንቱ 22.04 መደበኛ ድጋፍ አምስት ዓመት ቆይቶ በ2027 ስለሚያበቃ፣ ሻጩ ወደ 24.04 የሚሸጋገረው መቼ ነው? ለሬድ ሃት 9 የሚሰጠውን ድጋፍ ለአልማሊኑክስ 9 ወይም ለሮኪ 9 ይሰጣል? ለሁለተኛው ጥያቄ አዎንታዊ መልስ ካገኙ የሬድ ሃት ክፍያ ሳይኖርብዎት ረጅም ዕድሜ ያለው ሲስተም አገኙ ማለት ነው።

ጥያቄ ከባሕር ዳር፦ ለመድኃኒት ቤቶች የክምችት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ መሸጥ ጀምሬአለሁ። ደንበኞቼ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በፍኖተ ሰላም ያሉ ሲሆን አንዱ ሚንት፣ ሌላው ኡቡንቱ፣ ሌላው ፌዶራ ይጠቀማል። በእኔ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው በአንዳንዶቹ ዘንድ አይነሣም። ለሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ማዘጋጀት የምችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ ከላይ ለደብረ ማርቆሱ አንባቢ የተሰጠውን ማብራሪያ በሻጩ ወገን ሆነው ያንብቡት። ጂሊብሲ የሚፈቅደው ከአሮጌ ወደ አዲስ መሄድን ስለሆነ፣ ፕሮግራምዎን ኮምፓይል ማድረግ ያለብዎት በራስዎ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን፣ ደንበኞችዎ ከያዙት ሁሉ በዕድሜ በሚቀድመው ሥርጭት ላይ ነው። ለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር መፈለግ አያስፈልግም፤ አንድን ሥርጭት በሌላው ውስጥ ለብቻው ለማስነሣት በሚያገለግለው በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ደቢያን 11ን ከፍተው በዚያ ቢያዘጋጁት 2.31ንና ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ ይሸፍናል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ማኅበረሰብ «ማኒሊኑክስ» ብሎ የሚጠራቸው ፓኬጆችም የቆሙት በዚሁ ዘዴ ነው፤ የ2014ቱ እትም የተመሠረተው በሴንትኦኤስ 7 እና በጂሊብሲ 2.17 ላይ ስለነበር ለብዙ ዓመታት በአብዛኞቹ ሥርጭቶች ላይ ሠርቷል። ይህ የማይበጀው እንደ አልፓይን ባሉ፣ ጂሊብሲን ትተው መስል የተባለ ሌላ ላይብረሪ በሚጠቀሙ ሥርጭቶች ላይ ነው፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ አልፓይን ያገኛሉ ብዬ ግን አልገምትም።

ጂሊብሲን በዚህ ከተሻገሩ የሚቀሩት ሌሎቹ ላይብረሪዎች ናቸው፤ እነርሱን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መላክ ይቻላል። አፕኢሜጅ የተባለው ዘዴ ሁሉን በአንድ ፋይል ስለሚጠቀልል በፍላሽ ይዘው ዳንግላ ሄደው ሳይጭኑ ማስነሣት ይችላሉ፤ ነገር ግን ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ አብዛኞቹ አፕኢሜጆች የሚፈልጉት ፊዩዝ 2 የተባለው ላይብረሪ አብሮ ስለማይመጣ አስቀድመው ይጫኑት፤ ካልሆነ ደንበኛው ደጋግሞ ቢነካውም ምንም አይከፈትለትም። ፍላትፓክ የተባለው ሌላ ዘዴ የተሻለ ሥርዓት አለው፤ ፕሮግራሙ የሚነሣው በደንበኛው ሥርጭት ላይ ባሉት ላይብረሪዎች ሳይሆን ራንታይም በሚባል፣ በሁሉም ሥርጭት ላይ አንድ ዓይነት በሆነ መሠረት ላይ ነው። ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ ሥርጭቶቹን አሳምኖ ሊያገኘው የፈለገውን ውጤት ፍላትፓክ ሥርጭቶቹን ሳይጠይቅ አገኘው ማለት ይቻላል። ክፍያው በመጠን ነው፤ ራንታይሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወርድ በመቶዎች ሜጋባይት ሊደርስ ስለሚችል፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ያለ ደንበኛን ማውረድ ከማስጠበቅ ራንታይሙን በፍላሽ ይዞ መሄድ ይሻላል። ፍላትፓክ ራሱ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ትዕዛዝ አለው። የኡቡንቱ አዘጋጅ ካኖኒካል የሚያቀርበው ስናፕም አለ፤ ሚንት ግን በነባሪው ስናፕን ስለሚከለክል ለእርስዎ ደንበኞች አልመርጠውም።

ከተጻፉት የጋራ መስፈርቶች መካከል እስከ ዛሬ በሕይወት ያሉትን ሳይጠቀሙ እንዳይቀሩ። የፋይል አቀማመጥ መስፈርቱ መነሻው 1994 ሲሆን ሦስተኛው ስሪት በ2015 ወጥቷል፤ በእርሱ መሠረት ከሥርጭቱ ውጭ የሚመጣ ፕሮግራም የሚቀመጠው «ኦፕት» በሚባለው ፎልደር ሲሆን፣ የሚለዋወጠው መረጃው፣ ማለትም የመድኃኒት መዝገቡ፣ በ«ቫር» ሥር ባለው «ኦፕት» ውስጥ ይገባል። ይህን ካከበሩ ደንበኛው ሲስተሙን ሲያሻሽል መዝገቡ አይነካበትም፤ መጠባበቂያ ሲይዝም የት እንዳለ ያውቃል። በዴስክቶፑ ዝርዝር ላይ ስሙና አዶው እንዲታይም ፍሪዴስክቶፕ የተባለው የጋራ ሥራ ያወጣውን አጭር የጽሑፍ ፋይል ያዘጋጁ፤ ጂኖም፣ ኬዲኢና ሲናመን የተባሉት የሊኑክስ ዴስክቶፖች ሁሉም ያነቡታል።

ሥራውን ሁሉ ከጨረሱ በኋላም የሚደግፏቸውን ሥርጭቶች በስምና በስሪት ጽፈው ከደረሰኙ ጋር ይስጡ። ዝርዝሩ አጭር መሆኑ አያሳፍርም። ሁለት ሥርጭቶችን በእውነት የሚፈትን ሻጭ «በሁሉም ይሠራል» ከሚለው ይሻላል፤ ሁለተኛው ስልኩን የማያነሣበት ቀን ይመጣል።

ጥያቄ ከሞጣ፦ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒዩተሬን ወደ ሚንት ከቀየርኩ በኋላ አንዱ ፕሪንተር ምንም ሳልጭን ወዲያው ሠራ፤ ሁለተኛው ግን ድራይቨሩ ለሚንት የተዘጋጀ ስላልሆነ እምቢ አለኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሌላ ፕሪንተር ልገዛ ስለሆነ ብትመክሩኝ።

መልስ፦ የመጀመሪያው ፕሪንተር አይፒፒ የሚባለውን የጋራ የኅትመት ቋንቋ የሚናገር መሆን አለበት። አፕል በ2010 አይፎን ያለ ድራይቨር እንዲያትም ኤርፕሪንትን ሲያወጣ የተጠቀመው ይህንኑ ቋንቋ ነው፤ የአምራቾቹ የጋራ ቡድንም ለሁሉም ክፍት የሆነ አይፒፒ ኤቭሪዌር የተባለ መስፈርት አወጣ። አምራቾቹ የተስማሙት ለሊኑክስ አዝነው አይደለም፤ ከስልክ የማያትም ፕሪንተር ገበያ ስለሌለው ነው። ሊኑክስ ላይ ኅትመትን የሚያስተዳድረው «ከፕስ» የተባለው ፕሮግራም ግን ከዚያው ተጠቀመ፤ በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚገናኙትንም አይፒፒ-ዩኤስቢ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም እንደ ኔትወርክ ፕሪንተር ያቀርባቸዋል።

ስለዚህ ሲገዙ በካርቶኑ ላይ «ኤርፕሪንት» ወይም «ሞፕሪያ» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ «ሊኑክስን ይደግፋል» ከሚል ጽሑፍ ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ይበልጥ ያስተማምናሉ። ለሁለተኛው ፕሪንተር ከአምራቹ ድረ ገጽ የሚወርደውን ድራይቨር በግድ ከመጫን በፊት የሞዴሉን ቁጥር ሚንት ራሱ ባዘጋጃቸው ድራይቨሮች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉ፤ ብዙ አሮጌ ፕሪንተሮች እዚያ አሉ። አምራቹ ያዘጋጀው ለኡቡንቱ ከሆነም፣ ዋናው ሚንት በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ሚንቱ ከየትኛው የኡቡንቱ ስሪት እንደወጣ አይተው የዚያን ስሪት ፓኬጅ መሞከር ይችላሉ። በዚህም ካልሆነ ዊንዶውስ ባለው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተክለው በቤቱ ውስጥ ባለው ኔትወርክ ያጋሩት።